ልካችንን ለሰው የማያሰሙት ልብስ ሰፊ

ጋሽ ኢድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት አራተኛ ክፍል ገብቼ ሒሳብ ሳስተምር ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥብኝ ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ በረንዳው ወጣሁ። የደወለችው ፋጡማ ናት፤ አሶሳ ገበያ ውስጥ ከጋሽ ኢድሪስ ጎን ክርና አዝራር የምትሸጠው።

«ዘሀራ፣ ኢናሊላሂ... ጋሽ ኢድሪስ...» አለችና ድምፅዋ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» እላለሁ። ለካ እያለቀሰች ነው።

ወደ ክፍል ተመልሼ የጀመርኩትን ጥያቄ ልጨርስ ሞከርኩ። ግማሹን ጽፌ ቆምኩ። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ «ቲቸር፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ልብስ ሰፊዬ ሞቱ» አልኳት።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለልብስ ሰፊዋ የምታለቅስ አስተማሪ አይተው አያውቁም። ያን ቀን ላስረዳቸው አልቻልኩም፤ ምናልባት አሁን እዚህ ላይ ስጽፈው ይቀናኝ ይሆናል።

ጋሽ ኢድሪስ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው። ሆሞሻ ተወልደው በጎረምሳነታቸው አሶሳ ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ገበያው ዳር፣ ከቆርቆሮ በረንዳ ሥር፣ በእግር የምትረገጥ አንዲት የስፌት መኪና ላይ ነው። ረጅምና ሲበዛ ቀጭን ነበሩ። ነጭ ጀለቢያቸው ሰው የለበሰው ሳይሆን ችካል ላይ የተሰቀለ ይመስላል። አማርኛን የተማሩት ገበያ ውስጥ ስለሆነ ለሴትም ለወንድም፣ ለሹምም ለተማሪም «አንተ» ነበር የሚሉት። መጀመሪያ የሰማ ሰው ይስቃል። ሲለምዱት ግን ደስ ይላል፤ የቢሮ ኃላፊውም ቲማቲም ሻጯም እሳቸው ፊት ያው «አንተ» ናቸው።

የተዋወቅነው በሀፍረት ቀን ነው። የባለቤቴ እህት ልታገባ ነበርና ለሚዜዎቹ የተገዛውን ጨርቅ ይዤ ወደ አንድ ሌላ ሰፊ ሄድኩ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ወፍሬያለሁ። በኛ ከተማ ሰው ሲወፍር መጀመሪያ ይመረቃል፤ «ተመችቶሻል»፣ «አማረብሽ»፣ «ባልሽ ይዞሻል» ይባላል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ማንም ድንበሩን ሳያሳይሽ፣ ምርቃቱ ቀርቶ ፌዝ ይጀመራል። ያ ሰፊ ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠቅልሎ ቁጥሩን ማዶ ላለው ጓደኛው እንደ ጨረታ ጮኸለት። አጠገቡ ጫማ እያዞረ የሚሸጥ ሰውዬ «ኧረ ሜትሩ እንዳይበጠስ!» አለ። የሳቀው ሁሉ የማውቀው ሰው ነው። የተማሪዎቼ ወላጆች እንኳ ነበሩበት። ጨርቄን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ።

ፋጡማ ከሱቋ ሆና ሁሉን አይታለች። እጄን ይዛ ወደ ጎን ሳበችኝና «እዚህ ነይ፤ ጋሽ ኢድሪስ ይለኩሽ» አለችኝ።

«ዛሬ ማንም አይለካኝም።»

«እሳቸው እንደዚያ አይደሉም» አለች።

ጋሽ ኢድሪስ ተነሱ። በረንዳው ጥግ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ መጋረጃ ነበር፤ እሱን ሳቡና ጀርባዬን ወደ ግድግዳው አዞሩኝ። ለኩ። ከአፋቸው አንድ ቃል ሳይወጣ ትንሿ ደብተራቸው ላይ በዓረብኛ ቁጥር ጻፉና ዘጓት።

«ስንት ሆነ?» አልኳቸው።

«ማወቅ ትፈልጋለህ?»

«አዎ... ኧረ አይ፣ ይቅር።»

«ቀሚሱ ያውቃል። ይበቃል» አሉ።

የሰፉልኝ ቀሚስ እንደ ጆንያ የሚደብቅም፣ እንደ ገመድ የሚያንቅም አልነበረም። ሰርጉ ላይ ቁጭ ብድግ ስል ትንፋሼን አልያዝኩም። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ሆንኩ። ልብስ ባላሰፋም ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ እላለሁ። አንድ ቀን ሙሽራ የምትሆን ልጅ መጣች፤ የተሰፋላትን ነጭ ቀሚስ ይዛ፣ ወገቡ በሁለት ጣት ይጥበብልኝ እያለች። እስከ ሰርጉ እንደምትቀንስ ማለች። ለስንት ቀን ምግብ እንደተወች እግዜር ይወቅ፤ ከንፈሯ ደርቆ ስትቆም ትወዛወዛለች። ጋሽ ኢድሪስ መቀሱን አስቀመጡ።

«ልብስ ለሰው ይሰፋል። ሰው ለልብስ አይሰፋም» አሏት። ፋጡማን ጠርተው ለስላሳ ሳይሆን ዳቦና እንቁላል አስመጡላትና እስክትጨርስ ድረስ ቀሚሱን አልነኩትም። ልጅቷ እየጎረሰች ታለቅሳለች፤ እሳቸው መኪናዋን ይረግጣሉ። ወገቡን አላጠበቡትም። አላሰፉትምም።

የዚህ ሰው ነገር ከየት እንደመጣ የገባኝ በአንድ የክረምት ከሰዓት ነው። የአሶሳ ዝናብ እንደምታውቁት ሲጀምር ቀልድ አያውቅም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ለመነጋገር ጆሮ ለጆሮ መጠጋት አለበት። በረንዳው ላይ እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን። ለምን የሰው ልክ ጮክ ብለው እንደማይናገሩ ጠየቅኳቸው።

«ሚስት ነበረኝ። ሐዋ» አሉ። ስለ ሐዋም ሲያወሩ ያው እንደ ልማዳቸው በወንድ አንቀጽ ነው። «ሐዋ ትልቅ ሰው ነበረ። እኔ ሳገባውም ወፍራም ነበረ፣ እናቱም እህቶቹም እንደዚያው። ሰው ብዙ በላ ይላል። ወላሂ ከእኔ ያነሰ ነው የሚበላው! ግን ቀን ሙሉ ገበያ ላይ ቁጭ፣ ሻሂ በስኳር፣ እንደገና ሻሂ በስኳር። ማን ነገረን? ማንም።»

ከዚያ ጉልበቷ ታመመ። የውሃ ጥም መጣባት፤ ቀንና ሌሊት መጠጣት ሆነ። ጋሽ ኢድሪስ አሳምነው ሐኪም ዘንድ ወሰዷት።

«ሚዛን ላይ ወጣ። አንድ ሰውዬ ቁጥሩን አየ፣ ለወረፋው ሁሉ ጮኸ። ‹ይቺ የምታርሰውን በሬ ሳይቀር በልታለች› አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሐዋ ከሚዛኑ ወረደ፣ ጫማውን አደረገ፣ ዝም ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት እንቢ አለ። ለመንኩት፣ እንቢ። ዘመድ ለመነው፣ እንቢ። አራት ዓመት።»

ከአራት ዓመት በኋላ የሄዱት እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ነው። ስኳሯ ዓይኗንም ጀምሮት ነበር። እግሯን ቆረጡ፤ ብዙም አልቆየች።

«ሐዋን ስኳር ገደለው ይላሉ» አሉ ጋሽ ኢድሪስ። «እውነት ነው። ውፍረቱም ስኳሩን አመጣ፣ እሱን አልክድም። ግን ስኳር መድኃኒት አለው። ሳቅ ነው በሩን የዘጋበት።»

ዝናቡ ረገብ አለ። ከዚያ በሐዋ የመጨረሻ ቀናት ስላገኙት አንድ ወጣት ሐኪም ነገሩኝ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያለ ችኮላ ያስረዳቸውን። ስብ ሁሉ አንድ አይደለም አላቸው። ከቆዳ ሥር የሚተኛው ሌላ ነው፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ጉበትንና አንጀትን የሚከበው ሌላ። የኋለኛው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ስኳሩንም የደም ግፊቱንም የሚያናጋው እሱ ነው። ስለዚህ ከሚዛኑ ሌላ ወገብንም መለካት ብዙ ይናገራል አላቸው።

«አስበው» አሉኝ፣ መነጽራቸውን በጀለቢያቸው እየጠረጉ። «እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ለካሁ። ምን እንደምለካ አላወቅሁም።»

ከሐዋ ሞት በኋላ ያችን ደብተር በሌላ ዓይን ያዩዋት ጀመር። ካምናው ልክ ብዙ የጨመረ ሰው ሲመጣ መጋረጃውን ይስቡና በዝቅታ ይጠይቃሉ፤ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥርሃል፣ ውሃ ይጠማሃል፣ እናት አባትህ ስኳር ነበረው? ጥያቄው ከጨርቁ ወሬ ጋር ተጠላልፎ ስለሚመጣ ሰው አይከፋም። በመጨረሻ «እስቲ ግፊትና ስኳር ተለካ፤ ምንም ላይሆን ይችላል» ይላሉ። በዚህ መንገድ ስንት ሰው እንደላኩ አላውቅም። ከተላኩት አንዷ ግን እኔ ነኝ። ስኳሬ ገና በአፋፉ ላይ ነበር። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በባጃጅ መሄዴን ትቼ በእግሬ ሆንኩ፣ ለስላሳውንም ከቤት አስወጣሁ፤ ስለራሴ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። ቀጭን አልሆንኩም። አልተቻኮልኩምም፤ መቼ ነው የምቀንሰው ስላቸው «ስፌት አንድ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚሰፋ የለም» ይሉኝ ነበር።

ደግ ሰው ብቻ አድርጌ እንዳልስላቸው ግን የሰይድን ነገር መናገር አለብኝ።

ሰይድ ታላቅ ወንድሜ ነው። ቤተሰቦቻችን በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው፤ እሱ ወሎ ተወልዶ በእናታችን ጀርባ መጣ፣ እኔ እዚሁ ተወለድኩ። ሰይድ ተምሮ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። ሆዱ ከቀበቶው በላይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ይህም በቤታችን የኩራት ምልክት ነበር። ሹመቱ ከፍ ሲል አዲስ ሱፍ ፈለገና ወደ ጋሽ ኢድሪስ ላክሁት።

ለሸሚዙ ብለው አንገቱን ሲለኩ ሜትሩን ያዝ አደረጉት አሉ።

«ታንኮራፋለህ?»

«እና ቢሆንስ?» አለ ሰይድ።

«ቀን ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይወስድሃል? መኪና ስትነዳስ?»

እውነት ነበር። ሚስቱ ሌሊት ትንፋሹ ተቋርጦ ተቋርጦ እንደሚመለስ፣ እሷም ነቅታ እንደምትቆጥርለት ነግራኛለች። አንድ ጊዜም ከባምባሲ ሲመለስ መሪው ላይ አሸልቦ ከመንገድ ወጥቷል። ሰይድ ግን ለልብስ ሰፊ ይህን ሊናገር አልፈለገም። «አንተ ሱፉን ስፋ» ብሎ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን ሲመለስ ሱፉ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ አዝራር ግን የለውም።

«አዝራሩስ?»

«የለም።»

«ምን ማለት ነው የለም! ፋጡማ ጎንህ አይደለች እንዴ፣ አዝራር ሞልቷታል!»

«የአንተ አዝራር ሐኪም ቤት ነው» አሉት ጋሽ ኢድሪስ። «ግፊትህን ተለካ፣ ወረቀቱን አምጣ፣ አዝራሩን እተክላለሁ።»

ፋጡማ ሳቀች። እሷ ስትስቅ አላፊ አግዳሚው ቆመ፤ አንዱ «አለቃ፣ አዝራሩ እኮ ቢተከልም አይገጥም!» አለ። ሰይድ ፊቱ ጠቁሮ ሱፉን ከነመስቀያው መንጭቆ ወሰደው። ለሹመቱ ቀን አሮጌውን ለብሶ ዋለ፤ ከእኔም ጋር መነጋገር አቆመ።

ሱፉ በተወሰደ በነጋታው ጋሽ ኢድሪስ ትምህርት ቤት መጡ። ከገበያ እስከኛ ድረስ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ነው የመጡት። የማንጎው ዛፍ ሥር ቆመው አገኘኋቸው፤ ለመቀመጥ እንቢ አሉ።

«እኔ አጠፋሁ» አሉኝ። «ወንድምህን ገበያ መሃል አሳፈርኩት። ሰው ሳቀበት። ዘሀራ፣ እኔ ያን የሚዛን ሰውዬ ሆንኩ።»

«ለሱ ብለው እኮ ነው...»

«ያ ሰውዬም ለሐዋ ብሎ ይሆናል። እንግዲህ ማን ያውቃል? ቤቱ ድረስ ልሂድ፤ አፉ በለኝ ልበል። አንተ ውሰደኝ።»

ለጁምዓ ሰይድ እናታችን ጋር ምሳ እንደሚበላ አውቃለሁ። ሳልነግረው ይዣቸው ሄድኩ። ሰይድ ሲያያቸው ሊነሳ ነበር፤ እናቴ በዓይኗ ያዘችው፤ እንግዳ ገብቶ የሚነሳ ሰው እሷ ቤት የለም። ጋሽ ኢድሪስ በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ በሽማግሌ ጉልበታቸው ተንበርክከው «ልጄ፣ አፉ በለኝ» አሉት። ሰይድ ደነገጠ። እጃቸውን ይዞ አነሳቸው። ጋሽ ኢድሪስ ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አዝራሮቹ ናቸው።

«ሱፉን አምጣ» አሉት። ሰይድ ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናው ወንበር ላይ የጣለውን ሱፍ አመጣ።

እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው መትከል ጀመሩ። ስለ ግፊት አንድ ቃል አላነሱም። ያነሳችው እናቴ ናት። ለሰይድ ሁለተኛ ዙር ወጥ እየጨመረች፣

«ልጄ ወፈረ ብለው ነው አሉ አዝራሩን የከለከሉት?» አለቻቸው። «አንቱ ረሃብን አያውቁም።»

«እውነት ነው፣ እናት። እንደ አንተ አላውቅም።»

«ስንመጣ ሁለት ልጅ ነበረኝ» አለች እናቴ። ይህን እኔ በጭራሽ ሰምቼ አላውቅም፤ ሰይድም አልሰማም፤ እጁ ከምግቡ ላይ ቆመ። «ትልቁን መንገድ ላይ ቀበርኩት። ሰይዶ ከጀርባዬ ነበር፤ ከነጠላዬ አይከብድም፤ አለ ወይ እያልኩ እጄን ወደ ኋላ እየሰደድኩ እነካዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እንግዲህ ሳጎርሰው ለሁለት ነው የማጎርሰው። የሱንም የዚያኛውንም ድርሻ።»

ጋሽ ኢድሪስ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት።

«ያ ልጅ ስሙ ማነው፣ እናት?»

«አሕመድ።»

«አላህ ይዘንለት። አሕመድ ጠግቧል፣ እናት። አላህ ጋ ያለ አይርበውም።» ከዚያ ሰይድን ሳያዩት፣ በእጃቸው ብቻ ወደሱ አመለከቱ። «ይሄ ግን የሁለት ሰው ድርሻ ይሸከማል። ልቡ አንድ ነው። ያለው አንድ ልብ ብቻ ነው።»

እናቴ ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰችው። አላለቀሰችም፤ ፊቷን ብቻ በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ጋሽ ኢድሪስ የቀሩትን አዝራሮች ተክለው፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ሰይድ ደወለልኝ። «አብረሽኝ ነይ» አለኝ፤ ተያይዘን ሐኪም ቤት ሄድን። ነርሷ ግፊቱን ለካች፤ ዝም ብላ አሳረፈችውና እንደገና ለካች። ከዚያ ሐኪሙን ጠራች። «በዚህ ግፊት ቆመህ መሄድህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው» አለው ሐኪሙ። የእንቅልፉም ነገር ከአንገቱና ከውፍረቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረዳው። መድኃኒት ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ልብ ወለድ አይደለም፤ ሰይድ እንደ ሸንበቆ አልቀጠነም። ወደ ቢሮ በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ ክረምት ሲገባ አቋረጠ፤ እንደገና ጀመረ። አንዴ ደህና ሆንኩ ብሎ መድኃኒቱን ተወና ራሱን ስቶ ወድቆ አስደነገጠን። ቀስ እያለ ግን ቀበቶውን የሚያጠብብበት ቀዳዳ ጨመረ፤ ሚስቱም ሌሊት መቁጠሯን ተወች። እናቴ ዛሬም ጭልፋውን ታነሳለች። አንዳንዴ ግማሽ መንገድ ላይ ትዝ ይላትና ትመልሰዋለች። ሰይድና ጋሽ ኢድሪስም ወዳጅ ሆኑ፤ ሥራ በሌለ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ብታዩዋቸው፣ አንዱ ተራራ አንዱ ችካል።

ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ባለ ደስታ ውስጥ ስለነበርን ነው መሰለኝ የሳቸውን ሕመም ያላየነው።

ቀብራቸው የተፈጸመው በዚያው ቀን ሆሞሻ ነው፤ አልደረስንም። በማግስቱ እኔ፣ ሰይድና እናታችን ለለቅሶ ሄድን። ልጃቸው ራህማ ተቀበለችን። ግቢው ሰው ሞልቶታል፤ ግማሹ ከአሶሳ ነው፤ አንዳንዱን ሳየው የተሰፋለትን ልብስ አውቀዋለሁ።

«ታመው ነበር እንዴ?» አላት ሰይድ።

«ራሱን ያመው ነበረ» አለች ራህማ፤ እሷም እንደ አባቷ ነው የምትናገረው። «ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። የመነጽሩ ነው እያለ የራስ ምታት ክኒን ከሱቅ ይገዛ ነበረ። ትናንት የስፌት መኪናው ላይ እንዳለ ወደቀ። ሐኪም ቤት ስናደርሰው ደም ሥር ጭንቅላቱ ውስጥ ፈንድቷል አሉ። ግፊት ነው አሉ፤ የቆየ ግፊት። ተለክቶ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

መልሱን ሁላችንም አወቅነው።

እኚህ ስንቱን ሰው ወደ ሐኪም የላኩ ሰው፣ ራሳቸው አንድ ቀን ክንዳቸውን አልሰጡም። ለምን እንደሆነ እገምታለሁ፤ በሽታው የሐዋ ነው፣ የሰይድ ነው፣ የኔ ነው ብለው ነው። እኛም ብንሆን ያው ነን። የሳቸውን ቅጥነት እያየን ጤና መስሎን ነበር። ውፍረት ግፊትን ይጠራል፤ ሳይጠራ የሚመጣበትም ሰው እንዳለ ሐኪሙ ለሰይድ ነግሮት ነበር። ሰይድ እዚያው ለቅሶ ቤት ትዝ አለውና ራሱን በእጁ መታ። «ነግሮኝ ነበር» አለኝ። «ነግሮኝ፣ በየሳምንቱ ከሳቸው ጋር ተቀምጬ!»

ስንመለስ መንገዱ አቧራ ነው። እናቴ የኋላ ወንበር ላይ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ ከእጅ አንጓዋ ላይ አምባሯ እስከ ክርኗ ድረስ ይንሸራተታል፣ ያን ያህል ቀጭን ናት። ሰይድ በመስታወቱ ደጋግሞ ያያታል። አሶሳ ስንገባ ወደ ቤት የሚወስደውን መታጠፊያ አለፈው።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ሐኪም ቤት።»

«አመመህ?»

«እኔን አይደለም፣ እማ።»

ታፌዛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እኔን አጥንቴን ምን ያገኘኛል» ባለች ነበር። ያን ቀን ግን ወረፋው ደርሶን ስንገባ ተቀመጠች፤ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበችና ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ነርሷ ጨርቁን ጠቀለለችላት፤ ሰፍቷት ደግማ ጠቀለለችው። አየር ሲሞላ እናቴ እኛን አላየችንም፤ ግድግዳውን ነበር የምታየው።

«ያን ሁሉ ሰው ሲለኩ» አለች፣ «አንድ ሰው እንኳ ‹አንቱስ?› አላላቸውም?»

ነርሷ ለማን እንደምትናገር ስላልገባት ቀና አለች። እኔና ሰይድ መሬት መሬት አየን።